ውድቀት የሚጀምረው ከውድድሩ በፊት ነው፦ የፈረስና የፈረሰኛ ደኅንነት በእሽቅድምድም ሜዳ

በሐዋሳ ከተማ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



ሐዋሳ በፈረስ እሽቅድምድም ስሟ የሚነሣ ከተማ አይደለችም። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼም «ይህ የእንጅባራ ወይም የጃን ሜዳ ጉዳይ አይደለምን?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥም የእንጅባራና የጃን ሜዳ ጉዳይ ነው፤ ይሁንና የእኛም ነው። ምክንያቱም በበዓል ቀን ሽምጥ የሚጋልበው ፈረስና በአዘቦት ቀን ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ አጥንታቸው፣ ጅማታቸውና ሕመማቸው አንድ ነው። ሁለቱንም የሚያክሙት ደግሞ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች አሉ። ከዚህም በላይ የፈረስ ክብር በቋንቋችንና በታሪካችን ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። በቀድሞው ዘመን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸውን ሁላችን እናውቃለን። በአማራ ክልል፣ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ሰውም ፈረስም የከፈሉትን መሥዋዕትነት ይዘክራል። አባላቱ በአሥር ሺሕዎች ይቆጠራሉ፤ በሠርግ ያጅባሉ፣ በኀዘን ያስተዛዝናሉ። አዲስ አበባ ውስጥም ጃን ሜዳ ለረጅም ዘመን የእሽቅድምድምና የጉግስ መዲና ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ የምንነጋገረው ከውጭ ስለመጣ መዝናኛ ሳይሆን ስለ ገዛ ባህላችን ነው።

የንግግሬ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የምናየው አደጋ በአብዛኛው በዚያች ቅጽበት የተፈጠረ አይደለም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት የተጀመረ፣ ብዙ እጆች ያለፉበት የክስተቶች ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ነው። ስለዚህ «ዕድል ነው» ብለን የምናልፈው ብዙው ነገር ሊታይ፣ ሊመረመርና ሊከለከል የሚችል ነው።

ከፈረሱ አካል ልጀምር። ፈረስ ሽምጥ በሚጋልብበት ጊዜ አንዱ የፊት እግሩ ብቻውን መሬት ላይ የሚያርፍበት ቅጽበት አለ። በዚያች ቅጽበት እግሩ የሚሸከመው ጫና ከክብደቱ እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ይደርሳል። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአገራችንን ፈረስ እናስብ፤ ጋላቢውና ኮርቻው 60 ኪሎ ግራም ቢጨምሩበት ድምሩ 310 ይሆናል። በሁለት ተኩል ሲባዛ 775 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ቀጭን አጥንት፣ ከኋላው ያሉት ጅማቶችና አንድ ሰኮና ናቸው።

አጥንት ግን እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። ጫና ሲደጋገምበት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠሩበታል። ሰውነትም የተጎዳውን ክፍል በመጀመሪያ ያነሣል፤ ቀጥሎ በአዲስ አጥንት ይተካል። ማንሣቱ በሳምንታት ሲፈጸም መተካቱ ግን ወራትን ይወስዳል። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ አጥንቱ ከወትሮው የደከመ ነው። ፈረሱ ግን ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይራመዳል፤ ለተመልካች ጤነኛ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ሽምጥ ቢጋለብ የሚሰበረው ቀድሞውኑ የተሰነጠቀው አጥንት ነው። በውድድር ቀን የተሰበሩ አጥንቶችን የመረመሩ የዘርፉ ባለሙያዎች ደጋግመው ያገኙት እውነት ይኸው ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሁለት ዓይነት ፈረሶችን ለይተን ማየት ይገባናል። አንደኛው ወራቱን ሙሉ ያለ ልምምድ ቆይቶ በበዓል ቀን በድንገት ለሽምጥ የሚወጣው ነው፤ አጥንቱና ጅማቱ ለዚያ ጫና አልተዘጋጁም። ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ በደረቅ መንገድ ጭነት ሲጎትት ከርሞ ሳያርፍ ለውድድር የሚቀርበው ነው፤ ጉዳቱ ተጠራቅሞበታል። አንዱን የሚያድነው ቀስ በቀስ የሚጨምር ልምምድ ሲሆን ሌላውን የሚያድነው ዕረፍት ነው። ለሁለቱም በአንድ ቃል «ፈረሱን አዘጋጁት» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ሌላም ነገር አለ። ፈረስ በአፉ መተንፈስ አይችልም፤ አየር የሚገባውና የሚወጣው በአፍንጫው ብቻ ነው። በሚጋልብበት ጊዜም በእያንዳንዱ እመርታ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ስለዚህ በጌጥ ብዛት አፍንጫው የተጨነቀ፣ የአፍንጫ ማሠሪያው ከልክ በላይ የጠበቀ ፈረስ በግልቢያው መካከል አየር ያጥረዋል። የደከመ ፈረስ ደግሞ እግሩን በቀጥታ አያነሣም፤ ይደናቀፋል። ከድካሙ የተነሣ ሲወድቅም ብቻውን አይወድቅም።

አሁን ዓለም ምን እንደተማረ እንመልከት። በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አኒታ በተባለው መሮጫ ሜዳ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 መጨረሻ ጀምሮ በሰኔ 2019 በተፈጸመው አንድ የውድድር ወቅት ብቻ 30 ፈረሶች ሞቱ። ወቅቱ ዝናብ የበዛበት ነበር፤ የሜዳው አፈር ሁኔታም ክርክር አስነሣ። ውድድሩ ለጊዜው ቆመ። ከዚያ በኋላ ከውድድር በፊት የሚደረገው የሐኪም ምርመራ ጠበቀ፤ ሕመምን የሚደብቁ መድኃኒቶችና አለንጋ ላይ ገደብ ተጣለ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2020 አገር አቀፍ የእሽቅድምድም ደኅንነት ሕግ አወጣ፤ የሜዳ ደኅንነት ደንቦቹም ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋሉ።

በዚያው አገር ከ2009 ጀምሮ የሚመዘገብ መረጃ አለ። በ2009 ከእያንዳንዱ 1,000 የውድድር ተሳትፎ 2 ፈረሶች ይሞቱ ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ ወደ 1.32 ወርዷል። ይህም ከሲሶ በላይ ቅናሽ ነው። ተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ቅናሹን ብቻ አይደለም። ይህን ለመናገር ያስቻለው የሞቱት መቆጠራቸው ብቻ ሳይሆን የሮጡትም መቆጠራቸው ነው። አካፋዩ ከሌለ ክፍልፋይ የለም። አንድ በዓል ላይ ሦስት ፈረሶች ተጎዱ ቢባል፣ የሮጡት 30 ይሁኑ 3,000 ሳይታወቅ በዓሉ አደገኛ ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም። ያልተቆጠረ ጉዳት አይቀንስም፤ ይረሳል እንጂ።

ከመድኃኒቱ ጉዳይም አንድ ትምህርት እንውሰድ። እንደ ፊኒልቡታዞን ያሉ መድኃኒቶች ሕመምንና እብጠትን ያስታግሣሉ፤ በተገቢው ጊዜ ሲሰጡም በጎ ናቸው። ነገር ግን ሕመም ለፈረሱ የተሰጠው ብቸኛ ቋንቋ ነው። ማንከሱ «አልችልም» የሚልበት ቃሉ ነው። በውድድር ዋዜማ በመርፌ ያን ቃል ዝም ማሰኘት ፈረሱን ማዳን አይደለም፤ ጉዳቱን ከነጋላቢው ወደ ሜዳው መላክ ነው። የዛሬ ተማሪዎች ነገ በገጠር ክሊኒክ ስትቀመጡ «ለበዓሉ ብቻ አቁምልኝ» የሚል ባለቤት መምጣቱ አይቀርም። መልሳችሁ ከአሁኑ የተዘጋጀ ይሁን።

ወደ ጋላቢው ልሻገር። ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ቀላል ስሌት አለ። ራሱ ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ጋላቢ ቢወድቅ፣ ራሱ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው፤ ይህም ፈረሱ ቆሞ ሳለ ነው። የግልቢያውን ፍጥነትና ከኋላ የሚመጡትን ፈረሶች ሰኮና ስንጨምርበት የራስ ቁር ጌጥ ወይም ፍርሃት አለመሆኑ ይገለጣል። በብሪታንያ በእንቅፋት ዝላይ ውድድር የራስ ቁር ግዴታ የሆነው በ1924 ነው፤ ለዚህም ምክንያት የሆነው አንድ ስመ ጥር ጋላቢ ወድቆ ሳለ በሌላ ፈረስ ሰኮና ራሱን ተመትቶ መሞቱ ነበር። በዝርግ ሜዳ ሩጫ ግን ግዴታው የመጣው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። ዛሬ ደግሞ በብሪታንያና በአየርላንድ ራሱን የተመታ ጋላቢ ሐኪም መርምሮ ካልፈቀደለት በቀር ዳግም አይጋልብም። ተነሥቶ መቆሙና «ደኅና ነኝ» ማለቱ ብቻ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። የተመታ አንጎል ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንምና።

አንዳንዶች የራስ ቁር የባህሉን ውበት ያጠፋል ይላሉ። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ በዓል ማለት ትርኢትና ትውስታ ነውና። ነገር ግን የጉግስን ሥርዓት ልብ ብለን እንመልከት። ጉግስ ተጫዋች ዘንግ ብቻ ይዞ አይወጣም፤ ጋሻም ይይዛል። ጋሻ ምንድን ነው? የጥንት ሰው ለአካሉ መከላከያ ያበጀው መሣሪያ ነው። አባቶቻችን መከላከያን ከጀግንነት ጋር የሚጋጭ አድርገው አልቆጠሩትም፤ እንዲያውም በብርና በቬሉዶ አስጊጠው የክብር ምልክት አደረጉት። የእርካቡንም ነገር እንውሰድ። በቀድሞው ልማድ ኢትዮጵያዊ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ሆኖ አውራ ጣቱን ብቻ በትንሽ የእርካብ ቀለበት ውስጥ ያስገባ ነበር። በእንዲህ ያለው ቀለበት ውስጥ መላው እግር ሊያልፍ አይችልም። ዛሬ ግን ተረከዝ የሌለው ጫማ ተጫምቶ ሰፊ እርካብ የሚረግጥ ወጣት ሲወድቅ እግሩ አልፎ ሊያዝና በፈረሱ ሊጎተት ይችላል። ስለዚህ አደጋው የመጣው ግማሹን ለውጠን ግማሹን በመተዋችን ነው። እርካቡ ከተለወጠ ጫማውም ባለ ተረከዝ መሆን አለበት። የራስ ቁሩም ቢሆን በባህላዊ ጨርቅና በጎፈር ሊሸፈን የሚችል ነው፤ የእጅ ባለሙያዎቻችን ለዚህ አያንሱም።

ስለ ልጓምና ስለ አለንጋም ጥቂት ልበል። የታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚይዘው ጥንታዊ ልጓማችን በሠለጠነ እጅ ፈረሱን በቅጽበት ያቆማል፤ ባልሠለጠነ እጅ ግን ምላሱንና ድዱን ያቆስላል። አፉ የቆሰለ ፈረስ ሕመሙን ሽቶ አይቆምም፤ ከሕመሙ ሊሸሽ ይፈተለካል። አለንጋን በተመለከተ ኖርዌይ በ1982 በእሽቅድምድም ላይ ከልክላዋለች፤ ውድድሩም አልቀረም። በብሪታንያ የተካሄዱ 126 ውድድሮችን አነጻጽሮ በ2020 የታተመ ጥናት፣ አለንጋ በተፈቀደባቸውና በተከለከለባቸው ውድድሮች መካከል በፍጥነትም ሆነ በደኅንነት የታወቀ ልዩነት አላገኘም። የደከመ ፈረስ በምት የሚያገኘው አዲስ ጉልበት የለም፤ የሚያገኘው ፍርሃት ነው።

ሦስተኛው ወገን ተመልካቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ የደርቢ ውድድር ላይ ለሴቶች የመምረጥ መብት ትታገል የነበረችው ኤሚሊ ዴቪሰን ወደ መሮጫው ገብታ በንጉሡ ፈረስ ተመትታ ሕይወቷ አለፈ፤ ጋላቢውም ተጎዳ። ያ ሜዳ አጥር ነበረው። የእኛ ሜዳዎች በአብዛኛው ክፍት ናቸው፤ አጥሩ የሕዝቡ ደረት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ፈረስ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል። አንድ ሕፃን 20 ሜትር ፊት ለፊቱ ቢገባ ለጋላቢው የሚቀረው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ነው። በተለይ በመጨረሻው መስመር ሕዝቡ በደስታ ሲዘጋ፣ ገና ያልቆሙት ፈረሶች የሚያልፉበት ቦታ ያጣሉ። ፈረስ በተፈጥሮው ሸሺ እንስሳ ነው፤ መውጫ ሲያጣ ይደነብራል።

ወደ ከተማችን ልመለስ። ይህ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከመኪና መናኸሪያው ነው፤ መናኸሪያ ባለበት ደግሞ ጭነትና መንገደኛ አለ። ሐዋሳ ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ጋሪ ለብዙ ዓመታት አገልግሏታል። ባጃጅ ሲበዛ ጋሪው ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ለውስጡና ወደ ዳርቻው ተገፋ፤ ፈረሱ ግን ከሥራው አልተገፋም። ስለ ውድድር ፈረስ የተናገርኩት ሁሉ በእርሱም ላይ ይሠራል። ጋሪውም እንደ ኮርቻው ክብደት አለው፤ አስፋልቱም እንደ ሜዳው እግሩን ይመታዋል፤ ጋሪ ነጂውም እንደ ጋላቢው በአብዛኛው ወጣት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የጋሪው ፈረስ ውድድር በየቀኑ ነው፤ ተመልካችም የለውም።

ሁለቱን ዓለማት የሚያገናኝ ሌላ ድልድይ ደግሞ በሽታ ነው። ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የተባለው፣ በፈንገስ የሚመጣው በሽታ በጋሪ ፈረሶቻችን ዘንድ የታወቀ ነው፤ በዕቃ ልፋጭ ቁስል በኩል ይገባል፤ በተበከለ መጫኛና ማሠሪያም ይተላለፋል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ደግሞ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ይዛመታል፤ ለእርሱም በቢሾፍቱ በሚገኘው የአገራችን የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ክትባት ይመረታል። ከየአቅጣጫው የመጡ ፈረሶች በአንድ ሜዳ ሲሰበሰቡ፣ በአንድ ገንዳ ሲጠጡ፣ ኮርቻ ሲዋዋሱ በዓሉ ለበሽታም በዓል ይሆንለታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ውድ መሣሪያ የማይጠይቁ አምስት እርምጃዎችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከውድድር በፊት እያንዳንዱ ፈረስ በጠንካራ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ በርምጃና በሶምሶማ ይታይ። የሚያነክስ፣ ጀርባው የቆሰለ፣ አፉ የደማ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ አይሩጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ዓይንና ለአንድ ፈረስ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሩጫ በኋላ የልብ ምቱ ይቆጠር። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። በዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ግልቢያ ውድድር ፈረሱ በተወሰነ የደቂቃ ገደብ ውስጥ ምቱ ወደ 64 ወይም ከዚያ በታች ካልወረደ ከውድድሩ ይወጣል። ከመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣት ዳሶ ለ15 ሰከንድ መቁጠርና በአራት ማባዛት ይበቃል። ሰዓት ያሠረ ተማሪ ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጋላቢ ሁሉ የራስ ቁር ያድርግ፤ ራሱን የተመታም በዚያ ቀን ዳግም አይጋልብ።

አራተኛ፣ የመሮጫው መስመር በገመድ ይከለል፤ ሩጫው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሁን፤ ከመጨረሻው መስመር በኋላም ፈረሶቹ ቀስ ብለው የሚቆሙበት ባዶ ሜዳ ይተውላቸው።

አምስተኛ፣ መዝገብ ይኑር፤ ስንት ሮጠ፣ ስንት ወደቀ፣ ስንት ተጎዳ፣ ለምን ተጎዳ የሚለው ይጻፍ። አንድ ደብተር ይበቃል።

ከአምስቱም በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «ይህ ፈረስ አይሮጥም» የማለት ሥልጣን ነው። ወጣቱ ሐኪም እውቀቱ ቢኖረው እንኳ፣ ዓመቱን ሙሉ በዓሉን ሲጠብቅ የኖረን ባለቤት በሕዝብ ፊት መመለስ ብቻውን አይችልም። በሌላው ዓለም ይህን ሥልጣን ያቆመው ሕግ ነው። እኛ ከሕጉ በተጨማሪ ሌላ ሀብት አለን፤ ሽማግሌዎች አሉን። በሠርግና በኀዘን ቃላቸው የሚሰማ የማኅበር አባቶች ከሐኪሙ ጎን ቆመው «ልጄ፣ ፈረስህን ዛሬ አሳርፈው፤ ለከርሞ ይደርሳል» ቢሉ ባለቤቱ አያፍርም፤ ክብሩም አይነካም። ሳይንሱ ምርመራውን ያቀርባል፤ ሽምግልናው ውሳኔውን ያጸናል። ይህን ጥምረት ከማንም መበደር አያስፈልገንም።

ለተማሪዎች የቤት ሥራ ልስጥና ላብቃ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጋሪ ወደሚቆምበት ሥፍራ ሂዱ። ባለ ጋሪውን በአክብሮት አስፈቅዳችሁ የአሥር ፈረሶችን የልብ ምት ቁጠሩ፤ እግራቸውን፣ ጀርባቸውንና አፋቸውን አይታችሁ መዝግቡ። ለባለቤቱም ያያችሁትን በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ ፈረሱ የቤቱ እንጀራ ነውና ያዳምጣችኋል። የምታመጡት ቁጥር ትንሽ ይሆናል፤ ነገር ግን አካፋዩ የታወቀ ቁጥር ይሆናል። ከዚያ ወዲያ መነጋገር እንችላለን።